የአማቱ ጀርባ

ደብረ ታቦር ውስጥ ይሻውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ነው። ከአንበሳሜ፣ ከእስቴ፣ ከጋይንት አንገቴን፣ ጉልበቴን፣ ጀርባዬን ብሎ የመጣ ሁሉ ሐኪሙ «ኤም አር አይ ተነሣ» ብሎ ወረቀት ከጻፈለት መጨረሻው ይሻው በር ላይ መቆም ነው። በሩ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ሰላምታ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

«ብረት ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«ቁልፍ? ምላጭ? ቀበቶ? የአንገት ነገር?»

«ኧረ የለኝም!»

«በሰውነትህ ውስጥስ? ጥይት? ሐኪም የከተተው ብረት?»

ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ጠይቆም አያምንም። ወንድ ከሆነ በእጁ ይፈትሸዋል፤ ሴት ከሆነች አብራው የምትሠራው ነርስ ሙኒራ መጋረጃ ውስጥ አስገብታ፣ የምርመራውን ልብስ አልብሳ፣ ጸጉሯን ሳይቀር ዳብሳ ታወጣታለች። ስለዚህ የከተማው ሰው ስም አወጣለት፤ «ኬላው» ይለዋል። «ኬላው አሳለፈህ?» ይባባላሉ ወረፋ የያዙት፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ። አንድ ጊዜ ዳኛ ቀበቶ አስፈታ። ዳኛው «እኔን?» ብለው ቢቆጡ «ማግኔቱ ዳኛ አያውቅም ጌታዬ» ብሏቸው እርፍ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ምንም የለኝም ብለው ምለው ተገዝተው ሲያበቁ፣ ጭናቸው ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረ የጥይት ስባሪ ትዝ ያላቸው በሦስተኛው ጥያቄ ነው። «አይ ልጄ፣ ረስቼው እኮ ነው!» አሉ። ይሻው ይህን ታሪክ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ሲያወራው ይኖራል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ፊት ቆሞ ሦስቱን ጥያቄ በአንድ የቀየረው። ያውም መሬት መሬት እያየ!

የገበሬ ልጅ ነው። አንበሳሜ አጠገብ ተወልዶ፣ እናቱን በሰባት ዓመቱ ቀብሮ፣ በአጎቱ ቤት አድጎ፣ ጎንደር ሄዶ የራጅ ሙያ ተማረ። አሥር ዓመት ራጅ ሲያነሣ ከኖረ በኋላ አንድ የግል ምርመራ ቤት ያገለገለ ኤም አር አይ አስመጥቶ ደብረ ታቦር ላይ ሲተክል ይሻውን ቀጠረው፤ ሦስት ወርም አዲስ አበባ ልኮ አሠለጠነው። ከዚያ ሥልጠና ሁሉ ልቡን የሰረቀው አንድ ነገር ነበር፤ ስብ ማጥፋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ማሽን ምስል ላይ ስብ ነጭ ሆኖ ይታያል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በሽታም ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። እብጠት፣ መግል፣ የተጎዳ አጥንት ውሃ ያዘለ ነውና ያበራል። የአከርካሪ አጥንት መቅኔ ደግሞ ስብ አለው፤ ሰው ባረጀ ቁጥርም እየሰባ ይሄዳል። ታዲያ ነጭ ውስጥ ነጭ እንዴት ይፈለጋል? ማሽኑ አንድ ብልሃት አለው። ስብና ውሃ ለማግኔቱ የሚመልሱት ድምፅ በጥቂቱ ይለያያል። ማሽኑ የስቡን ድምፅ ለይቶ ያፍነዋል። ያን ጊዜ ስቡ ሁሉ ይጠቁርና በሽታ ካለ እሱ ብቻውን ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይሻው ይህን ለገበሬ ሲያስረዳ ደስታውን አትጠይቁኝ። «ሐሙሲት ገበያ መሀል ልጅዎ ጠፍቶ ቢያለቅስ ይሰሙታል?» ይላል።

«እንዴት ብዬ እሰማዋለሁ፣ በዚያ ጫጫታ!»

«ገበያው በሙሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ ቢልስ?»

«እሱማ እሰማዋለሁ።»

«በቃ! እኔ ገበያውን ነው ጸጥ የማሰኘው» ይልና ይስቃል። ሰውየውም ገባውም አልገባውም አብሮት ይስቃል።

ይህ ብልሃት ግን አንድ ጠላት አለው፤ ብረት። ትንሽ ብረት ልብስ ላይ ከቀረ በዙሪያው ያለው ድምፅ ሁሉ ይዛባል። የቱ ስብ፣ የቱ ውሃ እንደሆነ ማሽኑ ይጠፋበታል። ብረቱ ያለበት ቦታ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል፤ ዳር ዳሩ ያለው ስብ ደግሞ ሳይጠፋ ነጭ እንዳለ ይቀራል። ያ ነጭ ስብ ይሁን በሽታ የሚፈርድ ሰው የለም። የይሻው ሦስት ጥያቄ መነሻው ይኸው ነው። ከሙኒራ ጋር ሆነው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ምስል በብረት አልተበላሸባቸውም፤ በዚህ ኩራቱ ወደር የለውም።

አሁን ወደ አማቱ ልምጣ። እማማ ዘነበች ይባላሉ። አገራቸው ከጉና ተራራ ሥር ነው፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ላሞቻቸውንና የገብስ ማሳቸውን ይዘው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸውን ፍቅርተን፣ የይሻውን ሚስት፣ ለመጠየቅ ደብረ ታቦር ሲመጡ አራት ሰዓት በእግራቸው ይጓዛሉ። መኪና ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። «መኪና ያጥወለውለኛል። ደግሞስ እግሬ ምን ሆነና?» ይላሉ። እርጎ በቅል ይዘው፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው፣ ከወጣት ቀድመው ከተማ ይገባሉ። ዘመድ ቢታመም በእግራቸው፣ ለቅሶ ቢሆን በእግራቸው፣ ሠርግ ቢሆን በእግራቸው። ጎረቤት «ዘነበች ካልደረሰች ለቅሶው አልጀመረም» ይል ነበር።

በዚያ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። እንኳን ገላ ሊተያዩ፣ ፊት ለፊት ተያይተው አያወሩም። ይሻውና እማማ ዘነበች አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንቱ እንደተባባሉ ነው። እሳቸው ሲገቡ እሱ ብድግ ይላል፤ እሱ ሲገባ እሳቸው ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ይስባሉ። አንድ ገበታ ቀርበው አያውቁም። ፍቅርተ «እናንተ ሰዎች እስክትሞቱ ልትተፋፈሩ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅባቸዋለች። ይሻው ግን እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነውና እኚህን ሴት ይወዳቸዋል። መውደድ ማለት ለእሱ አለማሳፈር ነው። ሌላ የመውደጃ መንገድ ያስተማረው የለም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ እማማ ዘነበችን ጀርባቸውን ያማቸው ጀመር። መሀል ጀርባቸው ላይ፣ ከትከሻቸው ትንሽ ወረድ ብሎ። መጀመሪያ «ድንች ስጭር ወለም ብሎኝ ነው» አሉ። ታሹ፣ ጠበል ተጠመቁ፣ አልተዋቸውም። ማታ ማታ ያልባቸዋል፤ ሰውነታቸውም ከሳ። ኅዳር ላይ ፍቅርተ በግድ አምጥታ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አልሸፋፈነችም። «አከርካሪያቸው ውስጥ የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል። በጊዜ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል። ከቆየ ግን አጥንቱ ይፈርስና እግራቸውን ይይዛቸዋል» አለቻት።

ፍቅርተ ያን ዕለት ቤት ገብታ ባሏን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው። «ይሻው፣ የእማዬን እግር አደራ። መራመድ ከቀረባት እኮ አንድ ቀን አታድርም።»

«እኔ እያለሁ?» አላት። እውነቱን ነበር። ከእሱ የተሻለ ማን ሊያገኘው?

በማግሥቱ ጠዋት ፍቅርተ እናቷን በር ድረስ አምጥታ፣ የብር መስቀላቸውን ከአንገታቸው ተቀብላ፣ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈተና ነበርና ሮጠች። ሙኒራ ደግሞ ወልዳ ቤቷ ናት። ሦስት ሳምንቷ ነው፤ በእሷ ምትክ ገና ሰው አልተገኘም። በነዚያ ሳምንታት ይሻው ሴት ሲመጣ የሚያደርገው የታወቀ ነበር። ልብሱን ሰጥቶ ወደ መጋረጃው ይልክና ከውጭ ሆኖ ሦስቱን ጥያቄ እየጮኸ ይጠይቃል። አንዷንም ሳይጠይቅ አላለፈም።

እማማ ዘነበች ገቡ። እሱም ብድግ አለ። ነጠላቸውን ሳቡ። የምርመራው ልብስ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ይሄን ይልበሱ ማለት አማትን ቀሚስዎን ያውልቁ ማለት ነው። በየትኛው አፉ? ይሻው ልብሱን አየው፤ በሩን አየው፤ መሬቱን አየው።

«እማማ፣ ብረት ነገር… የለም አይደል?»

«የለም አያ ይሻው። መስቀሌን ለፍቅርተ ሰጠኋት እኮ።»

«እሺ። እንግዲያው ይተኙ።»

አለቀ። ኬላው ተከፈተ።

እማማ ዘነበች አልዋሹም። ብረት ማለት ለእሳቸው መስቀል ነው፣ ቀለበት ነው፣ ማጭድ ነው። ጀርባቸው አላስተኛ ብሎ ሲያስቸግራቸው ከደብራቸው እምነት፣ ያን የተባረከ አመድ፣ ተቀብለው በጨርቅ ቋጥረው ነበር። ቋጠሮውን የሚያማቸው ቦታ ላይ፣ ትክክል ከመሀል ጀርባቸው፣ ከውስጥ ልብሳቸው ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዘውታል። መርፌ ቁልፍ ደግሞ ብረት ነው ብሎ ማን ያስበዋል? ልብስ ነው እንጂ። ከጨርቁ ጋር የተያያዘችና ክብደታቸው የተጫናት ባትሆን ማግኔቱ ገና ሲገቡ መንትፎ ባወጣት ነበር።

ምስሉ መምጣት ጀመረ። ይሻው መስታወቱ ኋላ ተቀምጦ ያያል። አጥንቶቹ ከላይ ጠቆሩ፤ ጎሽ፣ ስቡ እየጠፋ ነው። ከታችም ጠቆሩ። መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ምስሉ ጠጋ አለ። ጥቁር ጉድጓድ ተከፍቷል፣ ዳሩ የተጨማደደ። ከጉድጓዱ ፊት ሁለት አጥንቶች ነጭ ሆነው ቀርተዋል።

መርፌ ቁልፍ መሆኗን በአንድ እይታ አወቃት። አዲስ አበባ ሲሠለጥን ስንቱን አይቶ! ነጩ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ስቡ በብረቱ ምክንያት ሳይጠፋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሟ የፈራችው ነገርም ሊሆን ይችላል። ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ማሽኑን አቁሞ፣ በድምፅ ማጉያው «እማማ፣ ጀርባዎ ላይ መርፌ ቁልፍ አለ፤ ያውልቁትና እንድገመው» ማለት።

እጁ ማጉያው ላይ ነበር። ቁልፉንም ተጭኖ ነበር። እሳቸውም ድምፅ ሲሰሙ ከዚያ ዋሻ ውስጥ «አቤት?» አሉ።

«ምንም አይደል እማማ። ሊያልቅ ነው» አላቸው።

አይ ይሻው! ምን ነካህ? ባዕድ ዳኛ ያልፈራህ ሰው! እሱ ግን ያን ጊዜ የታየው ሌላ ነው። ጀርባዎ ላይ አለ ካላቸው ገላቸውን በልብሳቸው አሳልፎ ማየቱን ያውቃሉ። አማቻቸው ፊት ተኝተው፣ አማቻቸው ውስጥ ልብሳቸውን አይቶ። እፍረት ሊገድላቸው ነው፣ ከዚያ በኋላ ቤቴን አይረግጡም ብሎ አሰበ። ሙኒራ ስትመለስ በሴት እጅ ይደገማል፣ ምን ቸገረ አለ። እማማ ዘነበች ወርደው ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከሙልኝ» ብለውት ወጡ።

ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ባሕር ዳር ነው ያለው፣ ዶክተር ፈንታሁን። በኢንተርኔት ተልኮለት ያነብና ይጽፋል። በማግሥቱ ደወለ።

«ይሻው፣ ይሄን አንተ ነህ ያነሣኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወገኛ! መርፌ ቁልፍ አሳለፍክ? ማን ናቸው ሴትዮዋ?»

«አማቴ ናቸው።»

ዶክተሩ ሳቀ፤ የጎጃም ልጅ ነው፣ ገብቶታል። «በል እንግዲህ በሰው አስወልቀህ ድገመው። ሌሎቹም ምስሎች እዚያ ቦታ ላይ ተጣመዋል፤ ምንም መፍረድ አልችልም። ቶሎ ይሁን ግን፤ ያ ነጭ ነገር አላማረኝም።» ወረቀቱም ላይ ይህንኑ ጻፈው፤ ስቡ አልጠፋም፣ ብረቱ ተነሥቶ ይደገም።

ይሻው ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። ቤት ሲገባ ፍቅርተ በሩ ላይ ጠበቀችው። «እህሳ?»

«ያን ያህል የሚያሰጋ ነገር የለም። ከዕድሜ ነው። ምናልባት ቆይተን አንድ ጊዜ እንደግመው ይሆናል።»

«ተመስገን!» ብላ ፍቅርተ አለቀሰች። በደስታ።

አሁን እዚህ ላይ ሰው ይናደዳል፤ እኔም እናደዳለሁ። ሙኒራን መጠበቅ ምን አመጣው? የጽዳት ሠራተኛዋ ወርቅነሽ እዚያው ግቢ አለች። ፍቅርተ ራሷ አለች! ሚስቱን «እናትሽ ልብስ ላይ መርፌ ቁልፍ አለ፤ ንቀይውና አምጫቸው» ማለት ስንት ቃል ነው? ይሻው ይህን ሌት ተቀን አስቦታል። ግን ለፍቅርተ ያን ለማለት፣ ኬላው ይሻው አንዲት መርፌ ቁልፍ አሳለፈ ማለት ነበረበት። ተመስገን ብላ ያለቀሰችውን እንባ መልሺው ማለት ነበረበት። እፍረቱ የአማት እፍረት ብቻ አልነበረም እንግዲህ። ግማሹ ኩራት ነው። እሱም በኋላ ይህን አልካደም።

ታኅሣሥም ሊያልቅ ሆነ። እማማ ዘነበች አገራቸው ተመልሰዋል። ለገና ይመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ቀሩ። «እግሬ ትንሽ ደንዘዝ ብሎኛል፤ ለጥምቀት እመጣለሁ» ብለው በስልክ አስነገሩ። ፍቅርተ «ብርድ ነው» አለች። ይሻው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ገበታው ላይ አኖረው። ደንዘዝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። በማግሥቱ ሊያመጣቸው ተነሣ፤ መንገድ ለመኪናም ለእግረኛም ተዘግቷል ተባለ። አሥራ አንድ ቀን ተዘጋ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውስጥ የነበሩት ስንት ክፍት ቀናት ባንድ ጊዜ ፊቱ መጡበት።

መንገዱ ሲከፈት እማማ ዘነበች በቃሬዛ መጡ። ስምንት ጎረቤት እየተፈራረቀ ተሸክሟቸው እስከ አስፋልቱ አወረዳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲሄዱ የኖሩት ሴትዮ ሰው ትከሻ ላይ ሆነው «አደከምኳችሁ፣ አደከምኳችሁ» ይላሉ። እግራቸውን ሲነኳቸው አይታወቃቸውም።

ሙኒራ የሁለት ወር ተኩል አራስ ነበረች። ይሻው ቤቷ ድረስ ሄዶ ለመናት፤ ልጇን ለእናቷ ትታ መጣች። እማማን መጋረጃ ውስጥ አስገባች። ፍቅርተም ገባች። ጥቂት ቆይታ ሙኒራ ወጣችና መዳፏን ዘረጋች፤ የቋጠሮዋ ጨርቅና መርፌ ቁልፏ።

«ጀርባቸው ላይ ነበረች፤ እንኳን አየኋት» አለች፣ በየዋህነት።

ፍቅርተ ከኋላዋ ቆማ ነበር። መርፌ ቁልፏን አየች፤ ባሏን አየች። አስተማሪ ናት፤ የተማሪ ዓይን ማንበብ ታውቅበታለች።

«ይሻው። ያን ጊዜም ነበረች?»

«ነበረች።»

«አይተህ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ዞራ መጋረጃው ውስጥ ገባች።

ይህኛው ምስል ከሠራቸው ሁሉ የጠራ ነበር። ስቡ አንድም ሳይቀር ጠቁሯል፣ ገበያው በሙሉ ጸጥ ብሏል። መሀል ላይ እነዚያው ሁለት አጥንቶች ነጭ ሆነው ያበራሉ፤ ከፊታቸው የቋጠረው መግል ወደ ኋላ ገፍቶ ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። ይሻው መስታወቱ ኋላ ሆኖ አለቀሰ። ሙኒራ «የዚያን ዕለት እናቱን እንደቀበረ ሰው ሲያለቅስ አየሁት» ትላለች።

የአጥንት ቲቢ ነው። ባሕር ዳር ወስደው ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ መግሉ ወጣ፣ መድኃኒት ጀመሩ። ሕይወታቸው ተረፈ። እግራቸው አልተመለሰም። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ማን ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ይሻው ፊት ቆሞ «ኅዳር ላይ ቢገኝ ኖሮ በክኒን ብቻ በእግራቸው ይሄዱ ነበር» አለ። ይሻው «አዎ» አለው።

እማማ ዘነበች ከዚያ ወዲህ ደብረ ታቦር ልጃቸው ቤት ናቸው። ላሞቹ ተሸጡ፣ ማሳው ለዘመድ ተሰጠ። ከመስኮቱ ሥር አልጋ ተዘረጋላቸው፤ ሰው ሲያልፍ እግር እግሩን ያያሉ። የምታገላብጣቸው፣ የምታጥባቸው ፍቅርተ ናት። ለባሏ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልጆቹን አስመልክቶ የሚባለውን ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ደብተር እያረመች ቀና ሳትል «ለእማዬ አልነገርኳትም። አልነግራትምም። የምትነግራት አንተ ነህ» አለችው።

ሦስት ሳምንት ፈራ። ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፍቅርተ ልጆቹን ይዛ ገበያ ስትሄድ ገባ። እማማ ዘነበች እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ይሻው ወንበር ሳይፈልግ ወለሉ ላይ፣ አልጋው ሥር ተቀመጠ። ይህን ያህል ቀርበው አያውቁም።

«እማማ፣ የምነግርዎ አለ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ነገራቸው። መርፌ ቁልፏን፣ ጥቁሩን ጉድጓድ፣ ማጉያውን ተጭኖ አቤት ሲሉት ምንም አይደል ማለቱን፣ የዶክተሩን ወረቀት ኪሱ መክተቱን። ለፍቅርተ የዋሸውን ሳይቀር። «አፍሬ ነው። ጀርባዎን ያሳዩ ማለት አቃተኝ። በእኔ ነው እግርዎ የቀረው። ይርገሙኝ» አለ።

በመስኮቱ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ያልፋሉ፤ እማማ ዘነበች ግን መስኮቱን አላዩም። ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይሻው ሙሉ ፊታቸውን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። እያለቀሱ ነበር።

«እኔኮ አቤት ያልኩዎ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር» አሉ። «ድምፅዎ የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። ያውልቁ ቢሉኝ ኖሮ አወልቅ ነበር እኮ፣ አያ ይሻው። ልጄን የሰጠሁዎ ሰውዬ፣ ጀርባዬን እነፍግዎ ኖሯል?»

ይሻው ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋ። ይረግሙኛል ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም።

እማማ ዘነበች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጥቂት ቆይተው በክርናቸው ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«በሉ አሁን ይነሡ» አሉት። «ይሄ ጎኔ ነደደኝ። ፍቅርተ ትቆያለች፤ እርስዎ ያገላብጡኝ።»

ይሻው ተነሣ። አንድ እጁን ከትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ከወገባቸው ሥር ሰደደ። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ በቀሚሱ ላይ በእጁ ተሰማው። ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞራቸው፣ ትራሱን ከጀርባቸው ደገፈ፤ የማይሰሙትን ሁለት እግሮቻቸውን አንድ በአንድ አንሥቶ አስተካከለላቸው።